«እርስዎም ተይ ሊሉኝ ነው?»

ሰላም እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ?

ስሜ ይቆይ። ደሴ ነው የምኖረው፣ 29 ዓመቴ ነው። ይህን የምጽፍልዎት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። እንቅልፍ እንቢ ካለኝ ሰንብቷል።

አባቴ ሲሞት እኔንና እናቴን የያዘን አጎቴ ነው፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም። ይህን አልክድም። ያስተማረኝም እሱ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ የሸቀጥ ሱቅ አለው። በአካውንቲንግ ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ስፈልግ «የራስሽ ቤት እያለ ምን ያንከራትትሻል» አለኝና ገባሁ። 6 ዓመት ሠራሁ። ጧት 12 ሰዓት ተኩል የምከፍተው እኔ ነኝ፣ ማታ 2 ሰዓት የምዘጋውም እኔ። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አስሬው ነበር የምውለው። በወር 3,000 ብር ይሰጠኛል። «የቀረውን አስቀምጬልሻለሁ፣ ስታገቢ ወይ የራስሽን ሱቅ ስትከፍቺ ትወስጃለሽ» ይለኝ ነበር። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። አጎቴ ነዋ፣ ምን ብዬ ነው ፈርምልኝ የምለው?

በ2014 በጦርነቱ ሸሽተን ስንመለስ ሱቁ ባዶውን ነበር። መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሏል። አጎቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ከመሸሻችን በፊት ዕቁብ ወጥቶልኝ 30,000 ብር ባንክ አስገብቼ ነበር፣ አውጥቼ ሰጠሁት። እናቴ ደግሞ ስንሸሽ ቀሚሷ ውስጥ ሰፍታ ያተረፈችውን የወርቅ ሐብል ሸጠን 40,000 ብር ጨመርንበት። በጠቅላላው 70,000። ሱቁ እንደገና የቆመው በዚያ ነው። «ይህን ውለታ እስክሞት አልረሳውም» ብሎ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ልጁ ከሳውዲ ተመለሰ። መስከረም 8 ቀን ጧት ልከፍት ስሄድ ቁልፉ አልዞር አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ። የአጎቴ ልጅ ከውስጥ ከፍቶ «አባዬ አልነገረሽም እንዴ? ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ» አለኝ። አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ዓይን ዓይኔን ሳያይ «አሁን አንቺም እረፊ፣ ትዳር ያዢ» አለኝ። ገንዘቡንስ ብለው «የምን ገንዘብ? ስትበዪ ስትጠጪ የኖርሽውስ?» አለ። ወላሂ እትዬ፣ ያን ቀን እግሬ እንዴት ቤቴ እንዳደረሰኝ አላውቅም።

አሁን እጄ ላይ አንድ ነገር አለ። የዱቤ ደብተሩ። ማታ ማታ ሒሳብ ልሠራ ቤት ይዤው እገባ ስለነበር እኔ ጋ ቀርቷል። ወደ 140,000 ብር የሚጠጋ ዱቤ አለበት። ሁለት ጊዜ ልከው ጠይቀውኛል፣ የለኝም ብያለሁ። አልጋዬ ሥር ነው።

ማታ ስልኬ ላይ የበቀል ታሪኮች አዳምጣለሁ። ያባረራትን አለቃ ጉዱን ያወጣችበት፣ ወንድሞቿ የከዷት ልጅ ልካቸውን ያስገባችበት። ስሰማ ልቤ ይርሳል። እኔም ሦስት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛ፣ ደብተሩን ላቃጥለው። ሁለተኛ፣ ግማሹን ያለ ደረሰኝ እንደሚሸጥ ለገቢዎች ልናገር። ሦስተኛ፣ ጥር መጨረሻ ላይ የልጁ ሰርግ ነው፣ እንግዳው ሁሉ በተሰበሰበበት ማይክ ይዤ የሆነውን ሁሉ ልናገር።

እናቴ «ለአላህ ስጪው፣ ተይ» ትላለች። ጎረቤቱም ተይ፣ ጓደኞቼም ተይ። አጎቴ የሚፈራው ሐይቅ ያለችውን ትልቋን አክስቴን ብቻ ነው፣ እሷ ደግሞ ምንም አልሰማችም፣ እናቴ እንዳትነግሪ ብላኛለች። እትዬ፣ ተይ ከሚሉኝ ሰዎች ውስጥ አንድም አጎቴን «ስጣት» ያለው የለም። እርስዎም ተይ ሊሉኝ ነው?

ታኅሣሥ፣ ደሴ

*

እህቴ፣ ተይ አልልሽም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ሁልጊዜም የሚያቆመኝ ቁልፉ አልዞር ያለበት ቦታ ነው። «ደግሜ ሞከርኩ» ብለሻል። በዚያች ሰዓት የተበላሸው ቁልፉ ነው ብለሽ ነበር የምታስቢው፣ አጎትሽን ለመጠርጠር አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጠንሽም። 6 ዓመት ጧት ጧት የከፈትሽው በር ፊት ቆመሽ ከውስጥ ሌላ ሰው ሲከፍትልሽ ምን እንደሚሰማ፣ ተይ የሚሉሽ ሰዎች አንዴ ቆም ብለው ቢያስቡት ኖሮ ቃላቸውን ይመርጡ ነበር። የመጨረሻው ጥያቄሽም ልክ ነው። ሰው የሚቀለውን ነው ዝም በይ የሚለው። አንቺ ትቀዪያቸዋለሽ፣ አጎትሽ ይከብዳቸዋል። እናትሽን ግን ከእነሱ ጋር አልደምራትም። ሐብሏ የሄደባት እሷም ነች። የባሏን ወንድም ብትከስ ዘመድ አዝማዱ ምን እንደሚላት ታውቃለች፣ ፈርታ ነው።

ስለዚህ ተይ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ምን ብታገኚ ነው እንቅልፍ የሚወስድሽ? አሁን አትመልሺልኝ። ነገ 70,000 ብሩን በፖስታ አሽጎ በሰው ቢልክልሽ፣ አንድ ቃል ግን ባይናገር፣ ይበቃሻል? ወይስ በተቃራኒው ቤትሽ መጥቶ «በድዬሻለሁ፣ ሱቁን ያቆምሽው አንቺ ነሽ» ቢልሽና ገንዘቡን በየወሩ እየቆራረጠ ቢከፍልሽ? ደብዳቤሽን ሳየው ሁለቱንም የምትፈልጊ ይመስለኛል፣ ቃሉንም ብሩንም። ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ዓይን ዓይኔን ሳያይ ብለሽ የጻፍሽው ነገር ግን ከገንዘቡ በላይ አሞሻል።

እነዚያን የበቀል ታሪኮች እኔም አዳምጣቸዋለሁ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። ልብ ያርሳሉ፣ እውነትሽን ነው። አንድ ነገር ግን አስተውለሽ እንደሆነ፣ ታሪኩ የሚያልቀው አለቃው ፊቱ ቲማቲም ሲመስል ነው። ልጅቷ በማግስቱ ጧት ተነስታ የት እንደሄደች፣ ማን ሰላም እንዳላት፣ ማን እንዳለፋት አይነግሩንም። ያቺ ልጅ ከአለቃዋ ጋር አንድ ሰፈር አትኖርም፣ አንድ ለቅሶ ላይ አትቀመጥም። አንቺ ትቀመጫለሽ። ደሴ ደግሞ ጦሳ ሥር የተሰበሰበች ከተማ ናት፣ ከፒያሳ አራዳ ስትወጪ ስንት ሰው ሰላም እንደምትይ ታውቂዋለሽ።

የራሴን ልንገርሽ። በወጣትነቴ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። አለቃችን ለእኔ የሚገባውን እድገት ለዘመዱ ሰጠው። ተናደድኩ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ገብቼ የሠራውን ሁሉ ዘርዝሬ ጻፍኩና ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። ጧት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲያነብ ያየሁትን ደስታ እስካሁን አስታውሰዋለሁ፣ አልዋሽሽም። አለቃው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፣ ደሞዙም አልተነካ። ከሥራ የተባረረው ዘበኛው ነው። «ማታ ማንን አስገባህ?» ብለው። ስሜን አልተናገረም። ቆሎ የምንካፈል ሽማግሌ ሰው ነበር፣ አንድ ካፖርት ብቻ የነበረው፣ ክረምት ከበጋ የሚለብሰው። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሥራውን ግን ልመልስለት አልቻልኩም።

ይህን የምነግርሽ በዱቤ ደብተሩ ምክንያት ነው። ደብተሩን ብታቃጥዪው የሚጎዳው አጎትሽ ብቻ ይመስልሻል። እነዚያ ስሞች ግን የአንቺ ሰዎች ናቸው፣ ስኳሩንና ዘይቱን የሰፈርሽላቸው አንቺ ነሽ። ደብተሩ ሲጠፋ የአጎትሽ ልጅ በግምት መጠየቅ ይጀምራል። ሁለት ኪሎ የወሰደችውን አምስት ነው ይላታል። የከፈለችውን አልከፈልሽም ይላታል። ማን ከፍሎ ማን እንደቀረው የሚያውቀው ያ ደብተር ነውና እነሱንም የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ለራስሽም አደገኛ ነው። እስካሁን እጅሽ ላይ የቀረ ደብተር ነው፣ «የለኝም» ባልሽ ቁጥር ግን የደበቅሽው ደብተር እየሆነ ነው። እነሱ በአንቺ ላይ የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም። አሁን አገኙ።

ገቢዎች ጋ መሄዱንም አስቢበት። ግብር የሚሰውር ነጋዴ መጠየቅ አለበት፣ በዚህ አልከራከርሽም። ነገር ግን በእነዚያ 6 ዓመታት ደረሰኝ የምትቆርጠው፣ የማትቆርጠውም፣ የማን እጅ ነበረች? ሒሳቡን የያዘው ሰውም አብሮ ሊጠየቅ ይችላል። የሚመጣው ቅጣት ቢኖርም ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል እንጂ ያንቺን ገንዘብ አይመልስልሽም።

አሁን ወደ ገንዘብሽ እንምጣ፣ ሰርጉን በኋላ እመለስበታለሁ። ገንዘብሽ ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱን መለየት አለብሽ፣ መንገዳቸው ይለያያል።

አንደኛው የሥራሽ ነው። የወንድሙ ልጅ መሆንሽ ሠራተኛ ከመሆን አያግድሽም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የጽሑፍ ውል ባይኖርም መብትሽን አያጠፋውም። ሥራው፣ ደሞዙና ጊዜው በሌላ ማስረጃ ሊታይ ይችላል። ሕጉ በቀን 8 ሰዓት ይላል፣ አንቺ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 2 ሰዓት 13 ሰዓት ተኩል ነው የቆምሽው። የጡረታ መብት ለሌለው ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። ለአንቺ 30 ሲደመር 50፣ የ80 ቀን ማለት ነው። በ3,000 ብር ሲታሰብ 8,000 ብር ይመጣል። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሰው የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል፣ ያም 6,000 ብር። ያልወጣሽው የዓመት ፈቃድ ይጨመራል። ያለ በቂ ምክንያት ስለተሰናበትሽ ካሳም ሊኖር ይችላል፣ እሱን የሕግ ባለሙያ ያስላልሽ።

የሚያስቸኩለኝ ግን ይርጋው ነው፣ ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ማለት ነው። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ነው የሚቀርበው፣ ታኅሣሥ 8 ላይ አልፎሻል። ግድ የለም፣ መመለስ የምትፈልጊም አይመስለኝም። ከሥራ መሰናበት ጋር የተያያዘ ክፍያ ግን የሚጠየቀው በ6 ወር ውስጥ ነው። ከመስከረም 8 ከቆጠርሽ መጋቢት 8 ነው። የወር ደሞዝና የትርፍ ሰዓት ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ካለፈው «በይርጋ ቀሪ ነው» ሊሉሽ ይችላሉ። ስለዚህ «አስቀምጬልሻለሁ» ያለሽን የድሮውን ገንዘብ በሕግ ማግኘት ከባድ ነው። ይህን ስጽፍልሽ ደስ ብሎኝ አይደለም። ግን ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ሁለተኛው 70,000 ብሩ ነው። ይሄ ብድር ነው። እዚህ ላይ በደንብ ስሚኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የ1952ቱ፣ ከ500 ብር የበለጠ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው ይላል፣ ያ ከሌለ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን ወይም በመሐላ። እናትሽ ብትመሰክርልሽም በምስክር ብቻ አይረጋገጥም። የባንክ ደብተርሽ 30,000 ማውጣትሽን ያሳያል፣ ለማን እንደሰጠሽው አያሳይም። ወርቅ ቤቱም ሐብሉን መግዛቱን ነው የሚያውቀው።

እንግዲህ አየሽው? ትልቁ ገንዘብሽ ያለው አጎትሽ አፍ ውስጥ ነው። የምትፈልጊው ቃልም ያለው እዚያው ነው። «አዎ፣ ወስጃለሁ» ካላለ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ የምታስቢውን እያንዳንዱን ነገር በዚህ መዝኚው። አፉን ይከፍተዋል ወይስ ይዘጋዋል?

ሰርጉ ይዘጋዋል። በልጁ ሰርግ ቀን፣ አማቾቹ ፊት፣ ማይክ ይዘሽ ከተናገርሽ አጎትሽ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መካድ። አንዴ በሕዝብ ፊት ከካደ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እንደካደ ይኖራል፣ ውሸታም መባልን የሚመርጥ ሰው የለምና። ሙሽራዋስ? ምን አድርጋሽ? ለእሷ ያ ቀን አንድ ነው። የከተማው ሰው እህል ውሃ ቀርቦለት ሳለ የምትናገሪውን እውነት አይሰማም፣ የሚያወራው «የወንድሙ ልጅ ሰርግ በጠበጠች» ብሎ ነው። አንቺ ተበዳይዋ ጥፋተኛ ሆነሽ ትወጫለሽ። እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

አፉን ሊከፍት የሚችለው ማን ነው? በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አንቺው ጽፈሽዋል፣ በአንድ መስመር። ሐይቅ ያለችው አክስትሽ። እናትሽ እንዳትነግሪ ያለችሽን አውቃለሁ። ከእናትሽ ተደብቀሽ ሂጂ አልልሽም። ቁጭ በይና «እማ፣ ሐብሉ ያንቺ ነው፣ ነገሩም ያንቺ ነው፣ አብረን እንሂድ» በያት። ካልሄደች «እኔ ልሄድ ነው» ብለሽ ንገሪያትና ሂጂ። ደሴና ሐይቅ ምን ያህል ራቀ፣ ጧት ወጥተሽ ለምሳ ትደርሻለሽ።

ከመሄድሽ በፊት ደብተሩን ጨርሺ። አንቺ የጻፍሽባቸውን ገጾች፣ ቀኑ የሚታይበትን፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ይሄኛው ደብተር ከመቼ እንደሚጀምር አልነገርሽኝም፣ የዓመት ተኩልም ቢሆን በየቀኑ እዚያ ሱቅ ውስጥ እንደነበርሽ የሚናገር የእጅ ጽሑፍሽ ነው። ሰዎቹ ያለባቸው ዕዳ ግን የእነሱ ምስጢር ነው፣ ፎቶው ከአንቺና ከሕግ ባለሙያው በቀር ለማንም አይሂድ፣ ለጓደኛም ቢሆን። 3,000 ብሩን አንድ ጊዜም ቢሆን በቴሌብር ወይ በባንክ ልኮልሽ ከሆነ ያንንም አስወጪ። ከዚያ ደብተሩን መልሺ። ብቻሽን አትሂጂ። አጠገቡ ያለውን ባለሱቅ ወይ የምታምኚውን ጎረቤት ይዘሽ ሂጂ፣ «ደብተሩን ተረክቤያለሁ» የሚል አጭር ወረቀት ከነቀኑ አስፈርሚ። የለኝም ብዬ ነበር፣ ተናድጄ ነው፣ ይኸው በያቸው። አይቅርብሽ። ያን ቀን ሌላ ነገር አትናገሪ፣ ስለ ገንዘቡም ቢሆን። እጅሽ ንጹሕ ሆኖ አክስትሽ ፊት መቅረብ አለብሽ፣ አለበለዚያ አጎትሽ የመጀመሪያ መልሱ «ደብተሬን ሰርቃ» ይሆናል።

አክስትሽ ጋ ስትደርሺ መጀመሪያ የማስተማሩን፣ የመያዙን ነገር ተናገሪ። እኔ ዘንድ ስትጽፊ «አልክድም» ብለሽ ነው የጀመርሽው። እዚያም እንደሱ ጀምሪ። እውነት ስለሆነም ነው፣ አክስትሽም ወንድሟን እንድትጠላ ሳይሆን እንድታናግረው ስለምትፈልጊም ነው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቀሰበትን ቀን ንገሪያት። ያን ሰው ነው የምታውቂው፣ ዓይንሽን ያላየውን ሰው አይደለም። ለእኔ ዓይኑን ማሸሹ ራሱ ነገር ይነግረኛል፣ አፍሮ ይሆናል። ልጁ ከስደት ባዶ እጁን ተመልሶ ከሆነ አባትየው በሁለት እሳት መሀል ነው ያለው። ይህ በደሉን አያቀልለውም። ግን ያፈረ ሰው ከድፍን ካሃዲ ይሻላል፣ በቀስታ ከያዙት ይመለሳል።

ሽማግሌ ስትጠይቂ ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ አጎትሽ የሚያከብረው ይሁን። አንዱ ሱቁን የሚያውቅ ነጋዴ ይሁን፣ በ2014 ባዶውን ሱቅ ያየ። አክስትሽም ትቀመጥ፣ ሴት አትቀመጥም የሚሉ ካሉ «የሐብሉን ነገር የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው» በያቸው። ወሎ እኮ የሽምግልና አገር ናት፣ ደም የፈሰሰበትን ነገር ሳይቀር አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ዱዓ አድርገው ያስቀመጡበት አገር። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ሽማግሌ አንዳንዴ ይቸኩላል። ግንባር ሳሙ፣ አውፍ ተባባሉ፣ ቡና ይፈላ፣ አለቀ። አንቺ ከመጀመሪያው «ዕርቁን እፈልጋለሁ፣ ሒሳቡንም እፈልጋለሁ» በይ። ስንት እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ እንደሚከፈል፣ ተጽፎ እሱም ምስክሮቹም ይፈርሙበት። በየወሩ 5,000 ቢሆንም ተቀበዪ፣ ይጻፍ እንጂ። ያ ወረቀት ላይ «70,000 ብር ወስጃለሁ» የሚለው ቃል ከሰፈረ ቅድም ያልኩሽ የማስረጃ ችግር ተፈታ ማለት ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ የምትጠይቂው። የሥራ ልምድ ማስረጃ። ሠራተኛ ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የቆየበትን ጊዜና ደሞዙን ጽፎ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሌላ ሥራ ለማግኘት ያስፈልግሻል፣ 6 ዓመት ሒሳብ የሠራ ሰው ኮምቦልቻም ደሴም ይፈለጋል። ከገንዘቡ ይልቅ ይህን መፈረም ለአጎትሽ ይቀልለዋል። ለምን እንደምትፈልጊው በግልጽ ንገሪው፣ መብትሽ ነው።

ከዚያ ቀን ቁረጪ። «ከሰርጉ በኋላ እናየዋለን» ይላሉ፣ እሺ በይ። ሰርጉ ሲያልቅ «ከረመዳን በኋላ» ይላሉ። እዚያ ላይ እሺ አትበዪ። ረመዳን ሲወጣ መጋቢት 8 አልፎ ቢሆንስ? ሽምግልናው እስከ ጥር መጨረሻ መልክ ካልያዘ የካቲት ሲገባ የሥራሽን ክፍያ በክስ ጠይቂ። ሽማግሌዎቹም ይህን ከአፍሽ ይስሙት፣ ዛቻ አይደለም፣ ቀኑ ስለሚያልፍብሽ ነው። ክስ መስርተሽም መታረቅ ይቻላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፣ ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡበት ሁኔታ ካለ ሄደሽ ጠይቂ፣ ዛሬ ነገ ሳትይ በዚህ ሳምንት።

ሰርጉን በተመለከተ፣ ሄደሽ መቀመጥ ካልቻልሽ አትሂጂ። ማንም አያስገድድሽ። እናትሽ ትሂድ፣ «አሟታል» ብላ አትዋሽ፣ «አልመጣችም» ትበል። ማን ለምን እንዳልመጣሽ ካልገባው አጎትሽ ይገባዋል።

ቁልፉ አሁንም እንዳለሽ እገምታለሁ፣ ጣልኩት አላልሽም። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ይዘሽው ሂጂ። መናገር ያቃተሽ ጊዜ ከነክሩ ምንጣፉ ላይ አስቀምጪላቸው፣ አጎትሽ ያውቀዋል። ሐይቅ ደርሰሽ ስትመለሺ ደግሞ ጻፊልኝ፣ አክስትሽ ምን እንዳለች።